የአባትን እርሻ ከጧሪው ስለ መጠበቅ

ኡጋንዳ ካንሳንጋ ተቀምጠው ጎጃም ሞጣ ያለው የአባትዎ እርሻ እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ አስቀድሜ የምሥራቹን ልንገርዎ፦ የውርስ ግብር የለብዎትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሟች ንብረት ላይ ድርሻዬን የሚል የግብር ሕግ የለም፤ ቤት ተከራይተው በሚኖሩበት በኡጋንዳም የለም። ይህን እንደ ቀላል አይዩት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የእንግሊዝ ገበሬዎች ትራክተራቸውን እየነዱ ለንደን መሐል የገቡት፣ መንግሥታቸው የሚያወርሱትን እርሻ ሊቀርጥ መሆኑን ስላስታወቀ ነው። አሜሪካ ያለውን የአክስትዎን ልጅ ደግሞ ይጠይቁት። እዚያ አንድ አዛውንት መጦሪያ ቤት ከገቡ ወጪው በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት መድን ወጪውን ልሸፍን ሲልም ሰውየው ባለፉት 5 ዓመታት እርሻውን ለልጆቹ ሰጥቶ እንደሆነ ወደ ኋላ ሄዶ ይመረምራል። ስለዚህ እዚያ ብልህ ልጅ አባቱ በሁለት እግሩ እየሄደ ሳለ ጠበቃ ይቀጥራል። እርስዎ ግን ግብርም ጠበቃም የለብዎትም። ያለብዎት አንዲት እህት ናት።

ወደ እሷ ከመምጣቴ በፊት፣ ያ መሬት በዘበት የሚነጠቅ መሬት አለመሆኑን ላስታውስዎ። በ1960 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ጎጃም አልቀበልም ብሎ ሸፈተ፤ ሞጣም ከአመፁ ዋና ዋና ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ሰዉን ከብሩ ይልቅ ያስቆጣው ግመታው ነበር። የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ ርስት ለሚከራከር ገበሬ፣ መንግሥት መሬቱን ለካ ማለት ርስቱን ነቀለ ማለት ነው። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን የተነሡት አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ሆኑ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገና ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሽግሽግ መጣ፤ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የወጣለት ገበሬ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አባትዎ ይህን ሁሉ ተሻግረው 3 ጥማድ ይዘው ቀሩ።

ንጉሥ፣ ደርግና ሽግሽግ ያልጨረሱትን መሬት አንዲት ሴት ልትወስደው ነው? አዎን፣ ሕጉም ከእሷ ጋር አብሯል። የ1997ቱን የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ን ይመልከቱ። «የቤተሰብ አባል» ብሎ የተረጎመው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው። በዚህ ትርጉም የቤተሰቡ አባል እህትዎ ናት፤ ምናልባትም ድመቷ። እርስዎ የሉበትም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ስለተተካ ለጊዜው ትንፋሽ ይሰብስቡ፤ ግን አይዘናጉ፣ የክልሉ ሕግ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አንድ ባለይዞታ መሬቱን ለጦረው ሰው በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል ይላል። ምን ዓይነት ሕግ አውጪ ነው የአባትን መሬት አባትን ላስታመመ ሰው እንዲሰጥ የሚፈቅድ? ይህ ከተለመደማ ነገ ሰው ሁሉ ወላጁን መጦር ይጀምራል።

ስለዚህ ጠላትዎን በደንብ ይወቁ። አባትዎ ግራ ጎናቸው ከዛለ ወዲህ እህትዎ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አንሶላቸውን ትለውጣለች። ጀርባቸው እንዳይላጥ ከግድግዳው ወደ መደቡ ጫፍ፣ ከመደቡ ጫፍ ወደ ግድግዳው ታገላብጣቸዋለች። አጥሚቱን ስታጠጣ ትን እንዳይላቸው አገጫቸውን በአውራ ጣቷ ደግፋ፣ የመጀመሪያው ጉንጭ ወርዶ እስኪያልቅ ማንኪያውን አየር ላይ ይዛ ትጠብቃለች። መሬቱን ለእኩል አራሽ ስለሰጠች በአጨዳ ጊዜ አውድማ ላይ ቆማ ቁና ትቆጥራለች፤ አራሹ አንዱን ቁና ጠቅጥቆ ሌላውን አላልቶ እንዳይሰፍር እጁን እንጂ ፊቱን አታይም። የእርሻው ግማሽ ምርት ወደ አባትዎ ጎተራ የሚገባው በዚህ ዘዴ ነው። አደገኛ ሴት ናት።

እንዴት ይከላከሏታል? መጀመሪያ የሥራውን ስም ይንጠቋት። እህትዎ አባቷን «ትጦራለች» ተብሎ በአፍዎ አይውጣ። «እሷማ እቤት ናት» ይበሉ። ካባላጋላ ሰፈር ቡና ቤት ውስጥ የአገር ሰው ስለ ቤተሰብዎ ቢጠይቅዎ «እኔ ነኝ የማግዛቸው፣ እሷ እቤት አለች» ማለትን ይልመዱ። ሰው እቤት በመዋሉ ደመወዝ አይከፈለውም፤ መሬትማ እንዴት ይከፈለዋል?

ሁለተኛ፣ የሐዋላ ደረሰኝ ያከማቹ። በፋሲካ የላኩትን 100 ዶላር፣ በመስቀል የላኩትን 50፣ «ለአባባ መድኃኒት» ብለው በድምፅ ቃል ገብተው ሳይልኩ የቀሩትንም ቢሆን ቀኑን መዝግበው ይያዙ። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ወረቀት ያለው ይሰማል። እሷ ምን ልታቀርብ ነው? ያጠበችው አንሶላ ደረሰኝ የለውም።

የክልሉ ሕግ መሬት የሚወርሰው ሰው በግብርና የሚተዳደር ወይም መተዳደር የሚፈልግ እንዲሆን ይሻል። ይህቺ «የሚፈልግ» የምትለው ቃል ለእርስዎ የተጻፈች ናት፤ አጥብቀው ይያዟት። ቀጣዩን ገና አገር ቤት ሲያሳልፉ የአራሹን እርፍ ጨብጠው ፎቶ ይነሡ። ጫማዎ ነጭ ከሆነ ከጉልበት በላይ ይበቃል። ዳሩ ግን መሬቱን ሳያከራዩና ወኪል ሳይተዉ ለዓመታት ከአካባቢው መሰወር ይዞታን ያሳጣል፤ ያው አባትዎ ባለይዞታ ስለሆኑ ለጊዜው አይመለከትዎትም፤ ግን ከወረሱ ማግስት ጀምሮ መሬቱን የሚጠብቅልዎ ታማኝ ወኪል ያስፈልግዎታል። ማንን እንደሚወክሉ አሁኑኑ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእህትዎ የተሻለ ሰው አይታየኝም።

መዳር የሚባለውም ዘዴ አለ። አንዳንድ ሰዎች እህታቸውን ራቅ ላለ አገር ሰው ድረው መሬቱን ነፃ አውጥተዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጊዜውን መጠበቅ ብቻ ይፈልጋል። ቀድመው ከዳሯት አባትዎን የሚያነሣ የለም፤ ዘግይተው ከዳሯት ስጦታው ተፈርሟል። ትክክለኛው ቀን በቀብሩና በአርባው መካከል ነው። ያኔም ተዝካሩን ማን ይደግሳል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በእኛ አገር ትክክለኛው የውርስ ግብር ተዝካር ነው፣ ተመኑንም የሚወስነው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከአርባው በኋላ ያድርጉት።

የሰፈርዎን ሰዎችም ይመልከቱ። አከራይዎ ሙጋንዳ፣ ማለትም የቡጋንዳ ሰው፣ ከሆኑ የለቅሶው ማብቂያ ሥርዓት ሲደርስ ወደ ገጠር ሲሄዱ አይተዋል። እዚያ ኦሙሲካ የሚባለው የአባት ምትክ ይሾማል፤ የዛፍ ልጥ ልብስ ያለብሱታል፣ ጦር ያስይዙታል። ይህን ያህል ክብር አግኝቶ ምን ይወርሳል? በ2022 የተሻሻለው የኡጋንዳ የውርስ ሕግ ኑዛዜ ሳይተው የሞተን ሰው ንብረት ሲደለድል ለትዳር ጓደኛ 20፣ ለልጆች 75፣ በሟች ይረዱ ለነበሩ ዘመዶች 4፣ ለባለ ጦሩ 1 በመቶ ይሰጣል። ጦሩ ለተሾመው ሰው ኩራት ይበቃዋል ማለት ነው። እርስዎን ደስ የሚያሰኝዎ ሌላው ነገር ነው፦ ለአስታማሚ ተብሎ የተለየ በመቶኛ የለም። አልጋ ሥር ያደረውም፣ በስልክ «እግዜር ይማርዎት» ሲል የኖረውም ከ75ቱ ይካፈላሉ። ይህን ያህል ለስደተኛ የሚያስብ ሕግ አግኝተው፣ እዚሁ ጋባ መንገድ ዳር መሬት ገዝቼ ልረፍ ብለው እንዳይነሡ ብቻ፤ የ1995ቱ የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት መሬትን የዜጎቹ ያደርጋል፣ ለውጭ ሰው የሚፈቀደው ሊዝ ነው፣ እሱም ቢበዛ ለ99 ዓመት። የሞጣውን ይያዙ።

ስለ ደብተሩም አንድ ነገር። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የእናትዎ ድርሻ ካለ እዚያው ይነበባል። እህትዎ በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። «ለማስታወሻ ያህል የእማማን ፎቶ ላኪልኝ» ይበሏትና ገጹን ሙሉውን በዋትሳፕ ያስልኩ። እሷ ምንም አትጠረጥርም። ወይም ትጠረጥርና ትልካለች፤ አንሶላ የሚጠብቃት ሴት በዚህ የምትከራከርበት ጊዜ የላትም።

ይህን ሁሉ ካደረጉ የቀረዎት ስጋት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ግን የትኛውም ጠበቃ አይመልስልዎትም። አንድ እሑድ ስልክ ይደወላል። እህትዎ ስለ መሬቱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ «ወንድም ጋሼ፣ ወገቤን ታምሜያለሁ፤ ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ብሎኛል። አባባን አንተ ጋ ስድስት ወር ብቻ ባቆይልህስ?» ትላለች።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ያስቡ። ሁለት ክፍል ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ የማይሠራ ውሃ፤ ጠዋት የቦዳ ቦዳው ሞተር ጩኸት፤ የገብስ ዱቄቱን ከየት፣ ሌሊት የሚያገላብጣቸው ማን። ኔትወርክ ነው ብለው ስልኩን መዝጋት ይቻላል፣ ግን ለአንድ እሑድ ነው። የምመክርዎ የሕግ መፍትሔ የተለየ ነው፦ አፍዎን ሞልተው «እህቴ፣ መሬቱ ያንቺ ነው፤ ስጦታውን አስፈርሚ፣ እኔ አልከራከርሽም» ይበሉ። 3 ጥማድ ለዚህ ርካሽ ዋጋ ነው። ብቻ ይፍጠኑ፤ እህትዎ ጁባና ናይሮቢ ላሉት ወንድሞችዎም በዚያው እሑድ ትደውላለች፣ ይህን ቃል ቀድሞ የተናገረ ሰው ደግሞ ይተርፋል።