ቁራው፣ ርግቧና ስምንቱ በረት

ተረት ተረት!

የመሠረት።

ከአቃቂ ወንዝ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ባለው ረግረግ የሚኖሩ ወፎች በአንድ ዘመን አንድ መልእክተኛ ብቻ ነበራቸው፤ እሱም ቁራ ነበር። ልጇ ወደ ሩቅ አገር የበረረባት ዋኔ «ደህና ነኝ፣ ጤፉም ደርሷል» ለማለት ስትፈልግ ቁራን ትጠራለች። ድንቢጥ ጎረቤቶቿን ለደቦ ስትጠራም እንዲሁ። ሌላ መልእክተኛ ማቆም ክልክል ነው። ቁራ ቃሉን ተቀብሎ ይነሣል፤ በቀጥታ ወደ ተላከበት ግን አይሄድም። መጀመሪያ ንስሩ ጋ ያርፍና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይዘከዝካል። ንስሩ የፈቀደውን ያሳልፋል፣ ያልፈቀደውን ያስቀራል። የኖኅ ቁራ ሄዶ ቀረ ይባላል። የአቃቂው ቁራ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ወደ ላኪው አይደለም።

ወፎቹ ይህን ያውቃሉ። ስለሚያውቁም የልባቸውን መላክ ተዉ። ዋኔ ስለ ጤፉ ታወራለች፤ ጤፉን ስለቀማት ጭልፊት ግን ትንፍሽ አትልም። ዓመታት ሲያልፉ በረግረጉ ላይ የሚመላለሰው ቃል ሁሉ «ደህና ነን» ብቻ ሆነ። ንስሩም ይህን እየሰማ አገሩ በእውነት ደህና መሰለው። ከማንም በላይ የተታለለው እሱ ነበር፤ እየፈሩት የሚያናግሩት ሁሉ እውነቱን ደብቀውበታልና።

በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ ባለ ጫካ ወይን ጠጅ ላባ ያላቸው ርግቦች ይኖሩ ነበር። ሙያቸው የመልእክት ከረጢት መስፋት ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከረጢት የሰፋ ሁሉ አሰፋፉን በአደባባይ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል። ማንም መጥቶ ስፌቱን ይፈታል፣ ይመረምራል፣ የላላውን ያጠብቃል፤ አሻሽሎ የሰፋውንም መልሶ እዚያው ይሰቅለዋል። ለዚህ ሥራ የሚከፍላቸው የለም። ቀን ለጉሮሯቸው ሲለቅሙ ውለው ማታ ማታ ይሰፋሉ። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ አረጁ፣ ተተኪም አጡ። የጫካው ባለጎተራ ዝሆን ይህን አይቶ መጣና «ክረምት ሲገባ ጫጩቶች ከትምህርት ይወጣሉ፤ ጥሬ ፍለጋም ይበተናሉ። ጥሬውን እኔ ልስጥ። እናንተ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጫጩት አንድ ሽማግሌ ስጡት» አለ። ተስማሙ።

አንዲት ጫጩት የመጀመሪያዋን ከረጢት ሰፍታ ወደ ተመደበችላት አሮጊት ርግብ መጣች።

«እማማ፣ ጨረስኩ።»

«ጎሽ ልጄ። ቅርንጫፉ ላይ ስቀዪው።»

«መጀመሪያ እርስዎ ብቻ ቢያዩልኝስ?»

«እኔ ብቻ ካየሁት የእኔን ዓይን ያመለጠውን ማን ያገኘዋል?»

ጫጩቷ እየፈራች ሰቀለችው። ሲመሽ አይታው የማታውቀው የሌላ አገር ወፍ መጥቶ አንዲት ክር ሳብ ቢያደርግ ከረጢቱ ተተረተረ። አለቀሰች። አሮጊቷ ከረጢቱን አንሥታ አልሰፋችላትም። «ይህን ቋጠሮ እዚህ ላይ ለምን አሰርሽው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ጫጩቷ መልስ አልነበራትም። ክረምቱን ሙሉ የተጠየቀችው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በነሐሴ ማብቂያ ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ምክንያት ነበራት፤ የሌላውን ስፌት ማረምም ጀምራ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ ጥሬያቸውን ይዘው ሄዱ። ጥቂቶቹ ቀሩ። በሌላው ክረምት ለአዲሶቹ ጫጩቶች ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት እነዚህ የቀሩት ናቸው።

ከሌላ ጫካ የመጡ ሦስት ሊቃውንት ደግሞ በከረጢቱ አፍ ላይ የሚደረግ ማኅተም አመጡ። ይህ ማኅተም እንደ ንጉሥ ማኅተም አይደለም። ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ ቁልፍ ይወጣለታል፤ መልእክቱ ተነቦ ሲያበቃ ቁልፉ ፀሐይ እንዳየው ጤዛ ይጠፋል። ዛሬ ርግቧ በወጥመድ ብትያዝ እንኳ ትናንት የላከችው ሊከፈት አይችልም፤ የትናንቱ ቁልፍ በእሷም እጅ የለምና። ሁለተኛው ነገር ከዚህም የረቀቀ ነው። ተቀባዩ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ በእርግጥ ያውቃል፤ ሦስተኛ ወገን ግን ወረቀቱን ይዞ «ይህን የጻፈው እገሌ ነው» ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ሁለት ወዳጆች ቡና እየጠጡ ያወሩት በመካከላቸው እንደሚቀር ሁሉ፣ ይህም ይቀራል። ሊቃውንቱ አሠራሩን እንደ ከረጢቱ ሁሉ በአደባባይ ሰቀሉት።

ተረቱን እዚህ ላይ ገታ ላድርገው፤ ጫካው በካርታ ላይ የሚገኝ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1998 ማርክ ስፔንሰር ጋይም ብሎ የጀመረው የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ፒጂን ተባለ፤ ምልክቱ ወይን ጠጅ ወፍ ናት፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ጎግል «ሰመር ኦፍ ኮድ» የተባለውን የክረምት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀምር ጋይም ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት ከ400 በላይ ተማሪዎች ተመረጡ፤ ሥራውን ለፈጸመ ተማሪ 4,500 ዶላር፣ አማካሪ ለመደበለት ፕሮጀክት ደግሞ 500 ዶላር ይከፈል ነበር። ማኅተሙ ኦፍ ዘ ሬኮርድ ይባላል፤ ኒኪታ ቦሪሶቭ፣ ኢያን ጎልድበርግና ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረጉት ነው። የፒጂንና የዚህ ማኅተም አጠቃቀም «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው መመሪያ ውስጥ ገባ፤ መመሪያውን ያዘጋጁት ታክቲካል ቴክና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ የተባሉ ድርጅቶች ናቸው። ስሙ «ደኅንነት በሣጥን ውስጥ» ማለት ነው፤ ተረቱም ሣጥን ይበለው።

ሣጥኑ እየዞረ አቃቂ ደረሰ።

በረግረጉ ዳር ስምንት በረት ያለው የእሾህ ግቢ ነበር። ስምንተኛው በረት «ደህና ነን» አንልም ያሉ ወፎች የሚታጎሩበት ነው። ጥቂት ወጣት ወፎች ወደዚያ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። በር ላይ ስንቁን ራሳቸው ይቀምሳሉ፣ ስማቸውን ያስመዘግባሉ፣ በአጥሩ ማዶና ማዶ ሆነው እየጮኹ ያወራሉ። ከጥየቃ ሲመለሱ አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር፦ በበረቱ ውስጥ ያሉት ከውጭ ካለው ይልቅ ደፍረው ይናገራሉ። ቁራ በሰማይ ላይ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ወፍ ቃሉን እየዋጠ፣ ውጭ ያለው ሜዳ ምን ሊባል ነው? «ዘጠነኛው በረት» አሉት። ከዛፍ ላይ ሆነውም «ያገባናል» እያሉ መዘመር ጀመሩ። መዝሙራቸው በአደባባይ ነበር፤ ማንም ይሰማው ነበር። ለእርስ በርሳቸው ጨዋታ ግን የርግቦቹን ማኅተም ተማሩ።

በፋሲካ ሳምንት ከወጣቶቹ ዘጠኙን ያዟቸው።

ጭልፊት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ቆመ። «እነዚህ ሣጥን ይዘዋል» አለ። «በሣጥኑ ውስጥ ማኅተም አለ። ማኅተም ያለው የሚደብቀው አለው። የሚደብቅም አገር ሊያፈርስ ያሰበ ነው።»

ከወጣቶቹ አንዷ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። «ጌታዬ፣ የእርስዎ ጎተራ በር ቁልፍ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ በውስጡ ያለው እህል የስርቆት ነው?»

ችሎቱ ዝም አለ። ወጣቷ ቀጠለች። «የማኅተሙ አሠራር በአደባባይ ተሰቅሏል፤ ጫጩቶች ክረምት ክረምት ይማሩታል። ቁራም ቢሄድ ያስተምሩት ነበር። እኛ የተማርነው ለሁሉም የተከፈተውን ነው። ተዘግቶ የኖረው የቁራ መንገድ ነው፤ ቃላችንን ወስዶ ለማን እንደሚያደርስ፣ ምን እንደሚቀንስ፣ ምን እንደሚጨምርበት ከመካከላችን ያየ የለም።»

ለሌላ ቀጠሮ ተባለ። ከዚያም ለሌላ። እናቶች ስንቅ ቋጥረው በማለዳ ይሄዳሉ፣ ሰልፍ ይይዛሉ፣ ይመለሳሉ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞም መጣ።

ይህን የተረት ችሎት ያመጣሁት እውነተኛው ስላለ ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት ጦማሪያን ጋዜጠኞቹ እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙ የታሰሩበትን የቃሊቲ እስር ቤት አይተው፣ ስምንቱን ዞኖች ቆጥረው፣ ራሳቸውን ዞን ዘጠኝ አሉ። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ከጦማሪያኑ ስድስቱ፣ ማለትም በፍቃዱ ኃይሉ፣ አጥናፍ ብርሃኔ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ማሕሌት ፋንታሁን፣ ዘላለም ክብረትና አቤል ዋበላ፣ ከሦስት ጋዜጠኞች ከአስማማው ኃይለጊዮርጊስ፣ ከተስፋለም ወልደየስና ከኤዶም ካሳዬ ጋር ተያዙ። በማዕከላዊ የፖሊስ ምርመራ ከቆዩ በኋላ ሴቶቹ ወደ ቃሊቲ፣ ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ እስር ቤት ተላኩ። በሐምሌ 2006 በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ፤ በውጭ አገር የነበረችው ጦማሪ ሶሊያና ሽመልስም በሌለችበት። በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት መካከል የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠናና ይኸው «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» ነበሩ።

ያ ሐምሌ ለሌሎች ተማሪዎችም ክረምት ነበር። በዓለም ዙሪያ ወጣቶች በ«ሰመር ኦፍ ኮድ» አሥረኛ ዓመት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከጎናቸው አማካሪ ተቀምጦ ኮዳቸውን መስመር በመስመር ያርምላቸው ነበር፤ በሥራቸው መጨረሻም ክፍያና የምስክር ወረቀት ይጠብቃቸው ነበር። ክፍት ኮድ መሥራት እዚያ ያስመሰግናል። እዚህ ያንኑ ኮድ መጠቀምን መማር የሽብር ክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእስሩ ዘመን ርዝመት ብቻ አይደለም። ያንን ማስረጃ ብለው ወረቀት ላይ ያሰፈሩ ሰዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጡ ኖሮ፣ የማኅተሙን አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያነቡት ይችሉ እንደነበረ ነው። ማንም አልከለከላቸውም። አላነበቡትም።

በሐምሌ 2007 መጀመሪያ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው፤ በፍቃዱ ብቻ በሌላ ክስ እንዲከላከል ተብሎ በዋስ ወጣ። በእነዚህ ላይ ሁለት ክረምት አልፏል። በተረቱም እንዲሁ ነው፦ የእሾሁ በር ተከፈተ፣ ወጣቶቹ ወጡ፣ የተነቀለውን ላባ የመለሰላቸው ግን የለም። ቁራም ወደ ዛፉ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ወፍ አላሰበውም። በመጋቢት 2008፣ ፍርዱ ከተሰማ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ዋትስአፕ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ማኅተም አደረገ። የተጠቀመበት ሲግናል የተባለው አሠራር ከነቦሪሶቭ ሐሳብ የተወለደ ነው። ጅዳ ላለች ልጇ ድምፅ የምትልክ የአቃቂ እናት፣ ዋሺንግተን ላለ ወንድሙ ፎቶ የሚልክ የቃሊቲ ሾፌር፣ ሥራ ላይ ያለ ፖሊስም ሳይቀር፣ ሳያውቁት ባለማኅተም ሆኑ። በዘጠኙ ላይ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ጥበብ በየኪሳችን ገባ፤ አገሪቱም በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም። የፀረ ሽብር አዋጁም በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ይሁንና ማኅተሙን እንጠቀምበታለን እንጂ አንሰፋውም። ከረጢቱን የሚፈታ፣ ቋጠሮውን የሚመረምር፣ «ይህ ለምን እዚህ ታሰረ?» የሚል ዓይን ከመካከላችን በብዛት ካልወጣ፣ ነገ የሚመጣውን መልእክተኛ ቁራ ይሁን ርግብ የምናውቅበት መንገድ የለንም። እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ ከክፍል ትምህርት ብቻ አይገኝም። ከተማሪው ጎን የሚቀመጥ፣ ሥራውን የማይነጥቀው፣ ስፌቱ በአደባባይ ሲተረተርበት «አይዞህ» ብሎ ደግሞ የሚያሠራው ሰው ይፈልጋል።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን፣ በየድርጅቱ ኮድ ስትጽፉ የምታመሹ ወንድሞችና እህቶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። «ሰመር ኦፍ ኮድ» እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለተማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ 18 ዓመት ለሞላው ለክፍት ኮድ አዲስ ለሆነ ሁሉ ተከፍቷል፤ ማመልከቻውም ብዙ ጊዜ በመጋቢት ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ወጣት ምረጡ፤ ከአንድ ክፍት ፕሮግራም ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት ፈልጋችሁ አስይዙትና፣ አርሞ በአደባባይ እስኪሰቅላት ድረስ ከአጠገቡ አትነሡ።