ፈርመው ይመልሱ

ከእንግዲህ አንድም ወላጅ «ልጄ ትምህርት ቤት ውሎ ምን እንደሚማር አላውቅም» ብሎ የማማረር መብት የለውም። ያ ዘመን አልፏል። ድሮ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ወሬ የሚደርሰው ወይ ካርድ ሲሰጥ ነበር፣ ወይ ደግሞ ልጁ መስኮት ሰብሮ «ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል። አባት ካርዱን ይቀበላል፣ ከቁጥሩ ሁሉ ደረጃዋን መርጦ ያያል፣ እንደ ደረጃዋም ወይ ግንባር ይስማል ወይ ቀበቶ ይፈታል። አለቀ።

ዛሬ ግን፣ ምስጋና ለአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ይሁንና፣ ሰባተኛ ክፍል ስለሚማረው ልጄ የማላውቀው ነገር የለም። ዓርብ የሚለብሰውን የቲሸርት ቀለም አውቃለሁ። የሰርቪስ ክፍያ መቼ እንደሚዘጋና ያሳለፈ ሰው ስንት እንደሚቀጣ አውቃለሁ። የባህል ቀን፣ የቀለም ቀንና የፒጃማ ቀን መቼ መቼ እንደሚውሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቺፕስና ለስላሳ ይዞ መምጣት በጥብቅ መከልከሉን አውቃለሁ፤ የግቢው ካፌ ሁለቱንም እንደሚሸጥ ደግሞ ልጄ ሹክ ብሎኛል። ሒሳብ ላይ የት እንደደረሱም አውቃለሁ። ገጽ 43 ላይ ናቸው።

ይህን የምስራች የማገኘው ከኮሙኒኬሽን ደብተር ነው። ለማያውቃት ላስተዋውቅ፤ ጠንካራ ሽፋን፣ የትምህርት ቤቱ አርማ፣ የልጁ ጉርድ ፎቶ። ውስጧ በሰንጠረዥ የተከፋፈለ ነው፤ ቀን፣ የትምህርት ዓይነት፣ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የመምህር ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ። ማታ ማታ ትከፈታለች። በቀይ እስክሪብቶ፣ በሚሮጥ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ማትስ፣ ፔጅ 43 ዳን። ሆምወርክ ፔጅ 44። ፕሊስ ፎሎው አፕ።» በቃ። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ስለ ልጁ ምን ሊነገረው ይፈልጋል?

«ገጽ 43 ላይ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ስንፍና ነው። መጽሐፉን ከፍቶ ማየት ይቻላል። መጽሐፉ ካልደረሰ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተልኳል፤ ከክፍያ ማሳሰቢያውና ከመምህራን ቀን የጭፈራ ቪዲዮ በላይ፣ «እናመሰግናለን ሚስ» ከሚሉት መልእክቶች ሥር ታገኙታላችሁ። ብዙ ናቸው፤ በትዕግሥት ወደ ላይ መግፋት ነው። አንዲት እናት ባለፈው ሰሞን ትዕግሥት አጥታ፣ ግሩፑ ላይ «ሚስ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ምዕራፍ ስለ ምንድን ነው? ልጆቹስ ገብቷቸዋል?» ብላ ጻፈች። መልእክቷ ጠፋ። በምትኩ «ይህ ግሩፕ መረጃ ለመስጠት ብቻ የተከፈተ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል ተለጠፈ። ወላጆችም «እናመሰግናለን ሚስ» አሉ።

ፊርማው ደግሞ ለብቻው ሊወደስ ይገባዋል። በእኔ ግምት ትምህርት የሚባለው ነገር የሚፈጸመው መምህሩ ሲያስተምር ወይም ልጁ ሲገባው ሳይሆን ወላጅ በፈረመበት ቅጽበት ነው። ያልተፈረመበት ገጽ እንዳልተማሩት ይቆጠራል፤ ልጁ ጠዋት የሚቀጣው ባለማወቁ ሳይሆን ባለማስፈረሙ ነው። ስለዚህ ይፈረማል። እናት እሑድ ማታ የሳምንቱን በአንድ እስትንፋስ ትፈርማለች። አያት ትፈርማለች። የሰርቪስ ረዳቱ ከመገናኛ ገርጂ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይፈርማል። ሁሉም ሲጠፋ ልጁ ራሱ ይፈርማል፤ እውነቱን ለመናገር የእኔን ፊርማ ከእኔ አሳምሮ ይጽፈዋል።

«ፎሎው አፕ»፣ ማለትም «ይከታተሉ» የምትለዋ ትእዛዝም ቀላል እንዳትመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛን «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ለብቻቸው አውጥቷቸዋል። እኛ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ብለን ለየብቻ የፈራናቸው ትምህርቶች «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብለው በአንድ ጥራዝ ተሰብስበዋል፤ በባዮሎጂ ተደብቆ የኖረ ወላጅ መግቢያ አጥቷል። የአዲስ አበባ ልጅ ሰባተኛ ሲገባ ደግሞ የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እናም «ይከታተሉ» ማለት፣ ያልተማርከውን ትምህርት፣ በማትናገርበት ቋንቋ፣ ከሥራ መልስ አስተምር ማለት ነው። እናስተምራለን እንጂ ምን እናደርጋለን! ዩቲዩብ ላይ አንድ የሕንድ መምህር አለ፤ የሰፈራችን አባቶች ግማሹ የእሱ ተማሪ ነው። ያልተቻለው ፎቶ ተነስቶ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የባለቤቴ ወንድም ይላካል። እሱም ከሥራ ቦታው ሰርቆ ይሠራና ይልካል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሚመለከተው አካል በአክብሮት አቀርባለሁ። መረጃው ሁሉ የሚላከው ለወላጅ ነው። የሚፈርመው ወላጅ ነው። የቤት ሥራውን ከልጁ ጋር፣ አንዳንዴም ልጁ ከተኛ በኋላ፣ የሚሠራው ወላጅ ነው። ታዲያ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ልጁ የሚቀመጠው በምን ሒሳብ ነው? ወላጅ ይፈተን።

እስቲ አስቡት። ሰኔ ነው፤ ጭቃ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አባቶችና እናቶች መታወቂያቸውን ይዘው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈዋል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሁለት እርሳስ ቀርጾ አንዱን ከጆሮው ጀርባ ሰክቷል። ፈታሿ የእናቶችን ቦርሳ ታገላብጣለች።

«እትዬ፣ ስልክ አይገባም።»

«ልጄ ቢደውልልኝስ?»

«ልጅዎ ውጭ ቆሞ ይጠብቅዎታል።»

ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ውሃና ዳቦ ይዘው ቆመዋል። አንዷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። አንዱ ለጓደኛው፣ «አባቴ ሒሳብ ላይ ደህና ነው፤ የሚያሰጋኝ ኢንግሊሽ ነው» ይለዋል። ጓደኛው ይተክዛል፤ «የእኔዋ ሌሊቱን ተከታታይ ድራማ ስታይ አነጋች። ስንት ጊዜ መከርኳት! ጭንቅላት አላት እኮ፣ ችግሩ ትኩረት የላትም።»

ውስጥ ፈተናው ተጀምሯል። ከሶማሌ ተራ የመጣው የመለዋወጫ ነጋዴ ከአንዲት ፋርማሲስት ጎን በመቀመጡ ፈጣሪውን እያመሰገነ ነው፤ አንዴ ስታስል «ሀ»፣ ሁለቴ ስታስል «ለ» ነው። ሴትየዋ የምር ጉንፋን ይዟት ኖሮ ሰውየው ገና በሁለተኛው ጥያቄ ግራ ገብቶታል። አንድ ኮንትራክተር ፈታኙን በዓይኑ ጠርቶ «ወንድሜ፣ በኋላ እንጫወታለን» ይላል። ከኋላ ያሉት አባት እጃቸውን አውጥተው «ይሄ ገጽ ስንት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ትምህርቱን የሚያውቁት በገጽ ቁጥር ነዋ! ክፍል ቁጥር 4 ውስጥ ያሉት ሁሉ ሠላሳ አንደኛውን ጥያቄ አንድ ዓይነት ተሳስተው ይገኛሉ፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሲጣራ ስሕተቱ የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑ ይደረስበታል።

ውጤቱ በቴሌግራም ቦት ሲለቀቅ ቤት ውስጥ ፀጥታ ይሰፍናል። ልጅ ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ አባት ቆሟል።

«ሃምሳ አንድ? ምን ጎደለብህ? ምግብ አጣህ? ልብስ አጣህ?»

«ፈተናው ከብዶ እኮ ነው...»

«ለማሙሽ አባት ያልከበደ ላንተ ብቻ ከበደ? እሱም ሥራ አለው፣ እሱም ኳስ ያያል!»

የወደቀ አባት እስከ መስከረም ፕሪሚየር ሊግ ይታገድበታል፤ ክረምቱን ማጠናከሪያ ይገባል፤ እምቢ ካለ «ልጅህን ይዘህ ና» ይባላል። ያለፉት ጋዋን ለብሰው፣ ቆብ ወደ ላይ ወርውረው ይመረቃሉ። ኬጂ ላይ ጋዋን የሚያለብስ ከተማ በዚህ አይደነግጥም።

የሚቀሩትን ጥቅሞች በአጭሩ ልንካቸውና ልለፍ። የትምህርት ቤት አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የእሳተ ገሞራና የልብ ሞዴል ሠርተው በመሸጥ ቤተሰብ እያስተዳደሩ ነው። የክፍያ ጭማሪ ሲታሰብ ወላጅን ስብሰባ መጥራት ቀሏል። ልጆችም ከጣልቃ ገብነት ነፃ ወጥተው በሰላም ይጫወታሉ።

መምህሯን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አየኋት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ኮሙኒኬሽን ደብተሮች እንደ ጡብ ተደርድረው ከፊቷ ቆመዋል፤ በግራ እጇ እየጎረሰች በቀኟ ትጽፋለች። ፔጅ 43፣ ፔጅ 43፣ ፔጅ 43። ደብተሮቹን ሞልታ ስትጨርስ ደወል ተደወለ፤ የልጆቹን የቤት ሥራ ሳታርም ተነስታ ክፍል ገባች። በእሷ አልፈርድም። ያዘዟት ይህንን ነው፤ ወላጅም ክፍያውን ሲከፍል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ደብተሯ ባዶ ሆና ከመጣች «ዛሬ አልተማሩም እንዴ?» ብለን የምንደውለው እኛው ነን።

ልጄ ክፍልፋይ መደመር አይችልም።

ይህን ግን ማንም አልነገረኝም። አንድ ማታ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኩት። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመረና ሁለት አምስተኛ አለኝ፤ ሳያመነታ፣ ደስ ብሎት። መልሱ ከአንድ ሁለተኛው ራሱ እንደሚያንስ ስነግረው «ሚስ ግን ራይት አድርጋልኛለች» አለኝ። አልዋሸም። ደብተሩን ባየው ራይት አለ፤ ኮሙኒኬሽኑ ላይ ደግሞ «ቬሪ ጉድ፣ ኪፕ ኢት አፕ» ከወርቃማ ኮከብ ጋር። ከሥሩ ፊርማ አለ። ከእኔም ከእሱም የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ መቀለዱን ልተወው። ገጽ ቁጥር መረጃ አይደለም። የቲሸርት ቀለም መረጃ አይደለም። ለወላጅ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ምን ይችላል፣ ምን አልቻለም። ይህ ብቻ ሳይነገር ይቀራል፣ ምክንያቱም የሚከፍል ደንበኛ መጥፎ ዜና አይወድም ተብሎ ይታመናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅማ ይህን የኮከብ ሽልማት እንኳ አያገኝም፤ ከመዋጮ ውጪ ስለ ምንም ነገር የሚጠራው የለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ ደግሞ 3.2። ያላለፉት ልጆች ወላጆች ለአሥራ ሁለት ዓመት «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ሲቀበሉ ኖረው፣ ልጃቸው ያለበትን ደረጃ የሰሙት ከቴሌቪዥን ዜና ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ደፍሮ «ይሄ ልጅ አልገባውም» አላላቸውም።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ስለ ክፍያ ጭማሪው ውይይት ሲያበቃ፣ እጄን አወጣሁ። በየሩብ ዓመቱ ግማሽ ገጽ ወረቀት፣ በአማርኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ፦ ይህንን ይችላል፣ ይህንን አልቻለም፣ እኛ ይህንን እናደርጋለን፣ እናንተ ቤት ይህንን አድርጉ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ፒጃማውንም ቀኑን እኔው ገምቼ አለብሰዋለሁ አልኩ።

ጥቂት ወላጆች አጨበጨቡ። ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብለው ሰሙኝ፤ ማስታወሻም ያዙ።

«በጣም ግሩም ሐሳብ ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። «ችግሩ መምህራኖቻችን ጊዜ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ኮሙኒኬሽን ደብተር ሲሞሉ ነው የሚውሉት።»