ጸጥ ያለች ጎጆን ስለማከራየት የወጣ አዋጅ

መተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አንገታቸውን የሰጡባት ምድር በመሆኗ፣ እሳቸው ያላገኙባትን እረፍት ለመንገደኛ በአዳር ሒሳብ መሸጥ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

በቋራ የአልጣሽ ፓርክ አንበሶች በ2008 ዓ.ም. በካሜራ እስኪቀረጹ ድረስ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን አጥፍተው መኖራቸው፣ በዚህ ቆላ ዝምታ የሚቻል መሆኑን ስላረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የጎጆ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣
“ጎጆ” ማለት ላይዋ ሣር፣ ከሣሩ ሥር ቆርቆሮ የሆነች ክብ ቤት ናት፤
“ቬንትሌተር” ማለት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ጌጥ ነው።

አንቀጽ 3. ምግብ
አልቋል።

አንቀጽ 4. ጸጥ ስላለ እረፍት
(1) እንግዳው ያለ ሁካታ የማረፍ መብቱ የተጠበቀ ነው።
(2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ ከራስጌው ግድግዳ ጀርባ የቆመው ጀነሬተር እንደ ሁካታ አይቆጠርም።
(3) የንዑስ አንቀጽ (2) አጠቃላይ አነጋገር እንደተጠበቀ ሆኖ፣
ሀ) ጀነሬተሩ መብራት ሲጠፋ ይነሳል፤ መብራት ቢመጣም አስነሺው ልጅ ከእንቅልፉ እስኪነቃ ይቀጥላል፤
ለ) መስመሩ የተዘረጋው ወደ ቢራው ፍሪጅና ወደ ግሮሰሪው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ቬንትሌተሩን አይመለከትም፤
ሐ) ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንግዳው መስኮት መክፈት ይችላል፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጀነሬተሩ ጭስ ነው፤
መ) መስኮቱን የዘጋ ሙቀቱን፣ የከፈተ ጭሱን ወዶ እንደተቀበለ ይገመታል፤
ሠ) ሁለቱንም ያልወደደ አልጋውን ደጅ ማውጣት ይችላል፤ አጎበሩ ግን ከጣሪያው ጋር የተቸነከረ ስለሆነ አይወጣም። ከወባ ትንኝ ጋር የሚደረግ ድርድር የእንግዳው የግል ጉዳይ ነው።
(4) “ቬንትሌተሩን ለምን አታገናኙትም?” የሚል አቤቱታ ሲቀርብ “ቢራው ይሞቃላ!” የሚል የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል።
(5) እኔስ? እኔ አልሞቅም? ከፋዩ እኔ፣ የሚቀዘቅዘው ቢራው! ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ? (ይህ ንዑስ አንቀጽ የሕግ ቋንቋ ስለጎደለው ተሰርዟል።)
(6) ጀነሬተሩን ሲጠብቅ የሚያድረው ወጣት በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ሰሊጥ ሊያጭድ ከበለሳ ወርዶ፣ ግራር ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ነክሳው ካላዛር ያዘው። ዳነ፤ ለመሳፈሪያ የያዛት ገንዘብ ግን በሕመሙ አለቀች። አሁን ከጀነሬተሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ካርቶን ላይ ይተኛል። አጎበር የለውም። ድምፁ እንዴት ያስተኛሃል ተብሎ ሲጠየቅ፣ “ኧረ ጋሼ፣ እሱንስ ለመድኩት። የምደነግጠው ሲጠፋ ነው፤ ነዳጁን ሸጥከው ይሉኛል” ብሏል። አዋጁ ሲረቀቅ እሱን የጠየቀው የለም።

አንቀጽ 5. ግዴታ
ዝም የማለት ግዴታ የእንግዳውና የዘበኛው ብቻ ነው።

አንቀጽ 6. የተሻሩ ልማዶች
“የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ” ላለ ሁሉ መደብ ይነጠፍ የነበረበት ነባር ልማድ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ሒሳብ ከተከፈለበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። በደረሰኙ ላይ “ቬንትሌተር ላለው ክፍል” ተብሎ የተጨመረው አይመለስም፤ ቬንትሌተሩ አለ።