በገዛ ታሪካችን አጃቢዎች

ኧረ ስንት ጊዜ እናማርር! ስለ ቤተ እስራኤል፣ ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ስደት የስለላ ፊልም ወጣ በተባለ ቁጥር ቤተሰብ ሰብስበን ቁጭ እንላለን። ፊልሙ ሲያልቅ እናቶቻችን «እኛ የታለን?» ይላሉ። የሚመልስላቸው የለም።

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ተመልከቱ። መነሻው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ ላይ፣ የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ከፍቶ ቀን ቱሪስት ያስተናግዳል፤ ሌሊት ወገኖቻችንን በጭነት መኪና አምጥቶ ወደ እስራኤል ያሻግራል። የሰላዮቹን ውለታ የሚክድ የለም። የሚያንገበግበን ሌላ ነው። ካሜራው ከዋናው ተዋናይ ከክሪስ ኢቫንስ ደረት አይነቀልም። ሰላዮቹ ስም አላቸው፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ያኮርፋሉ። የኛ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ተጋፍተው መኪና ላይ ይጫናሉ፣ ይወርዳሉ፣ ያልፋሉ። ልጇን አዝላ የቆመችው እናት ከየት እንደመጣች፣ ማንን መንገድ ላይ ቀብራ እንደመጣች የሚጠይቃት የለም።

ጎላ ያለ ቦታ የተሰጠው ከበደ ነው፤ እሱንም የተጫወተው አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው። የገጸ ባሕርዩ መነሻ ፈረደ አክሉም የትግራይ ልጅ፣ መምህር ነበር። ደርግ ሲያሳድደው ሱዳን ገብቶ ከካርቱም የድረሱልን መልእክት የላከው፣ ወገኖቹም በሱዳን በኩል እንዲመጡ መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። ነገሩን የጀመረው ሰው በፊልሙ የሌላ ጀግና ረዳት ሆኖ ቀረ!

ፖለቲካውም ተሸራርፏል። ሰው ቀዬውን ለምን ጣለ? ጦርነቱ፣ ረሃቡ፣ የኢየሩሳሌም ናፍቆቱ የታለ? ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የተጓዘው ሕዝብ ኡም ረኩባን በመሳሰሉ መጠለያዎች በበሽታ ሲረግፍ፣ በመንገድና በሱዳን 4,000 ያህል ሰው አልቋል። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ፊልም ሠሪው ግን ልብ የሚያንጠለጥለው የመኪና ማሳደድ ብቻ ይመስለዋል። የልጅን አፍ አፍኖ ሌሊቱን ሙሉ ከሽፍታ መደበቅ ልብ አያንጠለጥልም?

አይቻልም እንዳይሉን ተችሎ አይተናል። አዲስ አበባ የተወለደችው ዓለምወርቅ ዴቪዲያን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው «የበለስ ዛፍ» ፊልም፣ ሚና የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ወደ እስራኤል ልትሄድ እየተሰናዳች ፍቅረኛዋን ከደርግ አፈሳ ለማዳን ትባዝናለች። የሚወራው አማርኛ ነው፤ ፍርሃቱም የሰፈራችን ፍርሃት ነው። ሰላይ ሳያስፈልግ ትንፋሽ ያሳጥራል።

መንገዱን በእግራቸው ያቋረጡት አርጅተዋል፤ ፈረደም እ.ኤ.አ. በ2009 አርፏል። ቀጣዩን ፊልም የምታስቡ ሰዎች፣ ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ስማቸውንም ጻፉ። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚመጣ ይቅርታ ማንን ይክሳል?