«ላብ ናት» ይሉናል

የሞተር ሳይክሉ ኢንጂን ቤት መሰንጠቁስ ይሁን፤ የሚያንገበግበው ስንጥቁን ለሰው ማሳየት አለመቻሉ ነው። የሮቤ ሌሊት ብርድ ነው። ዘይቱ ይወፍርና አልፈስም ይላል። ጠዋት ጋራዥ ስትደርሱ ከሥር ጠብታ የለም። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ጠረግ ያደርግና «ወንድሜ፣ ይቺማ ላብ ናት፤ ዘይት እያየህ ጨምርና ንዳ» ይላል። ጎባን አልፋችሁ የሳነቴን ዳገት ስትያያዙት ግን ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ያቺ «ላብ» ሱሪያችሁን እስከ ጉልበት ታጠቁረዋለች። እዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከጅብራና ከቀይ ቀበሮ በቀር በሌለበት፣ ለማን አቤት ይባላል?

መድኃኒት አዋቂው ደግሞ መብዛቱ! አንዱ ሳሙና እሽበት ይላል፤ አንዱ ሲሊኮን፤ ሌላው ከሁለት ቱቦ እየተቀላቀለ የሚለጠፈውን ማጣበቂያ። ሳሙናው ሞተሩ እስኪግል ነው። ማጣበቂያው ባልከፋ፣ ግን ዘይት ባለበት አይዝም፤ ስንጥቁን በቤንዚን አጥባችሁ ዞር ስትሉ ደግሞ ከውስጥ መልሶ ያወዛል። ዘይቱን እንኳ ሳያወርድ የሚለጥፍ አለ፤ ሒሳቡን ግን አይረሳም።

ብየዳው ሌላ ጣጣ ነው። ኢንጂን ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ በርና መስኮት የሚበይደው ጎረቤት አይሆነውም። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ይናዳል። በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ይፈለግለታል። ከዚያ በፊት ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፣ ዘይቱ ተሟጦ ይታጠባል፣ የስንጥቁ ሁለት ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳል፤ አለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይሄዳል። ስንዴ በሚታጨድበት፣ ሥራ በሞላበት ሰሞን ሞተሩን አውርዶ የሚቀመጥ ማን አለ? እናም ሁላችንም የዘይት ጠርሙስ ታቅፈን እንዞራለን። አከራያችንም ጥቁሩ ነጠብጣብ ላይ አመድ እየነሰነሱ «አንተ ልጅ፣ ግቢዬን ጋራዥ አደረግኸው እኮ!» ይላሉ። ምን ይመለሳል?

መካኒኮቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከመፍረዳችሁ በፊት ሞተሩን አሙቁት። ጎባ ቅርብ ናት፤ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉና ትንሽ ቆዩ። ላብ ናት የምትሉን ከዚያ በኋላ ይሁን።