ድንች ግንድ ነው ወይስ ሥር?

የባዮሎጂ ፈተና ጨርሶ ከአዳራሽ የወጣ ተማሪ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ነገር ሰላምታ አይደለም፤ «ያቺን የዘር ውርስ ጥያቄ ምን አልካት?» ነው። ጠያቂው ትክክለኛውን መልስ የፈለገ እንዳይመስላችሁ። የሚፈልገው የስሕተት ጓደኛ ነው። «ሲ»ን አጥቁሮ ከሆነ፣ «ሲ» ያለ ሰው እስኪያገኝ ግቢውን ሲያካልል ይቆያል። አንድ ሲያገኝ ትንፋሹ ይመለሳል፣ ሁለት ሲያገኝ ፈገግ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ «መጽሐፉ ላይ በዓይኔ አይቻታለሁ» ብሎ መማል ይጀምራል። በመንገዱ ያገኛቸው «ቢ» ያሉ ልጆች የቱንም ያህል ቢበዙ አይቆጠሩም። እንዲህ ያለ ቆጠራ በየትኛውም አገር ምርጫ ቦርድን ያስከስሳል። መምህራንና ወላጆች በዚህ ልማድ ላይ ያላቸው ፍርድ አንድ ነው፦ ያለፈውን ተዉት፣ የነገውን አጥኑ። ምክሩ ክፋት የለበትም፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ። እኔ ደግሞ ሰሚ ማጣቱ ደግ ሆነ ባይ ነኝ። ተማሪ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ባዮሎጂን ከልቡ የሚማርባት ሰዓት ብትኖር፣ ከፈተና በኋላ በር ላይ «የምትባክነው» ያቺው ግማሽ ሰዓት ናት።

ነገሩን ከአገር አቀፉ ፈተና እንጀምር። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሆኑ ቀርቶ በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። የወገዳው፣ የአርብ ገበያው፣ የነፋስ መውጫውና የመካነ ኢየሱሱ ልጅ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ በሶውን ቋጥሮ፣ የእናቱን ምርቃት ተቀብሎ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ግቢ ውስጥ በማያውቀው አልጋ ላይ ማደር ጀመረ። ሞባይል ክልክል ነው። ከፈተና ሲወጣ የሚጠይቀው ጎግል የለም፤ ያለው የአልጋ ጎረቤቱ ነው። የጥያቄው ወረቀት ተሰብስቧል፣ መልስ መስጫውም ታሽጓል። ወራት ቆይቶ የሚመጣው ውጤት ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው። ባዮሎጂ 41 የሚለው ልጅ ያልመለሳቸው የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለምን እንዳልመለሳቸው፣ የቱን ነገር አዙሮ እንደተረዳው የሚነግረው የለም። በሽተኛውን መርምሮ «አርባ አንድ» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ቢኖር ማን ሁለተኛ ይሄድበታል? በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። አገሩ በሙሉ ደነገጠ፤ መምህሩ ተወቀሰ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተወቀሰ፣ ኩረጃ ተወቀሰ። ለዚያ ሁሉ የወደቀ ተማሪ ስሕተቱን ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ግን ማነው ቢባል፣ ያው በር ላይ ቆሞ «እንዴት ቢ ትላለህ!» ብሎ የጮኸበት ጓደኛው ነው። (ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ደግሞ የሚያመሳክሩት ፈተና እንኳ አጥተዋል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።)

ጩኸቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄው «ከሚከተሉት ውስጥ ግንድ የሆነው የቱ ነው?» ይሁን፤ ምርጫዎቹ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ድንችና ቀይ ሥር። ተፈታኞቹ ከጉና ተራራ ግርጌ የመጡ፣ ድንች ሲቆፍሩ ያደጉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምሳቸው ድንች የነበረ ልጆች ናቸው እንበል። አንደኛው ድንችን በጭራሽ አልነካም፤ «ከመሬት ውስጥ ቆፍሬ የማወጣውን ነገር እንዴት ግንድ እለዋለሁ?» ነው ክርክሩ። የቸካዩ ልጅ መልስ አጭር ነው፦ «መጽሐፉ ግንድ ነው ይላል።» እስከዚህ ድረስ ማንም ምንም አልተማረም፤ አንዱ በዶማ፣ አንዱ በመጽሐፍ ምሏል። ወሬው የሚጣፍጠው ሦስተኛው ሲገባበት ነው። «ድንች ዓይን የለውም እንዴ? አባትህ ለዘር ሲመርጥ የሚያየው ዓይኑን አይደለም?» ዓይኑ እንቡጥ ነው፤ እንቡጥ የሚወጣው ከግንድ አንጓ ላይ ነው፤ ካሮትን ግን እንደ ድንች በዓይኑ ቆራርጦ የዘራ ሰው የለም። አራተኛው ይቀጥላል፦ «ፀሐይ የመታው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመር የለ? ግንድ ስለሆነ ነው።» አምስተኛው ቆፍጠን ያለ ነው፦ «የካሮትስ አናት ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆን የለም ወይ?» የአራተኛው ማስረጃ እዚያው ወደቀ፤ የሦስተኛው ግን ቆመ። እነሆ ማስረጃ ተመዘነ፣ ደካማው ተጣለ፣ ጠንካራው ቀረ። ባዮሎጂ ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ የተሸመደደችው ፍቺ በአማርኛ ስትፈተሽ ውስጧ ባዶ መሆን አለመሆኑ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ በቃል የተያዘ ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ያጠቁራል እንጂ በር ላይ ቆሞ አይከራከርም።

ለዚህ ደግሞ የደቡብ ጎንደሩ ጋይንት ከማንም መማር የለበትም። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት መነሻ ተብለው ሲጠሩ የኖሩት በዚሁ አገር ነው። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ጎጆው ገብቶ አይተኛም። ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ይቀጽላል፤ ያመለጠውን ካላመለጠው ይቀበላል፣ የተሳሳተውን ያርማል፣ ይከራከራል። ድጓ የተማረውም ቢሆን ዓመታት ደክሞ ቤተልሔም የሚወርደው በሌላ ቦታ የያዘውን ዜማና ምልክት ከዚያው ከምስክሩ ጋር ለማስተያየት ነው። የቅኔው ጉባኤ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሰሙ ሳይፈታ፣ ወርቁ ሳይወጣ፣ ይኼ ቃል ምን ይሳብ፣ ያኛው በምን ይታሰር ሳይባል እንቅልፍ የለም። እዚህ ቤት ማመሳከር የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው እንጂ ትምህርት ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሐሜት አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቄስ ትምህርት ቤት ጅራፉን ወርሶ ቅጸላውን ትቶ መጣ ብል የሚቆጣኝ መምህር አይጠፋም፤ ቢሆንም ጅራፉ ብዙ ዓመት ሲሠራ ታይቷል።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል። ከመቶ ሦስቱ ብቻ ግማሹን ባገኙበት ፈተና፣ የተቀሩት ዘጠና ሰባቱ ተሰብስበው ምን ይጠቃቀማሉ? ተቃውሞው የሒሳብ ድጋፍም አለው። ኮንዶርሴ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ከሁለት አማራጭ እውነቱን የመምረጥ ዕድሉ ከግማሽ በላይ የሆነ ሰው ሲበዛ የአብላጫው ፍርድ ወደ እውነት ይጠጋል፤ ዕድሉ ከግማሽ በታች የሆነ ሰው ሲበዛ ግን ስሕተቱ ይጸናል። ስለዚህ «ስንት ሰው ሲ አለ?» የምትለዋ ቆጠራ አደገኛ ናት፤ እሷን አልከላከልላትም። እኔ የቆምኩት ከድምፁ ቀጥሎ ለሚመጣው ለክርክሩ ነው። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን፣ ያውም በዘረመል ትምህርት ላይ፣ ነገሩን ፈትነውት እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ለየብቻቸው ይመልሳሉ፤ ከዚያ መልሱ ሳይነገራቸው ከጎረቤታቸው ጋር ይከራከሩና እንደገና ይመልሳሉ፤ በመጨረሻም ያንኑ ሐሳብ የሚፈትን ሌላ ጥያቄ ለየብቻቸው ይሰጣቸዋል። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የመለሱት ቁጥር ጨመረ። አጥኚዎቹ የደረሱበት የሚያስገርም ነገር ግን፣ ከቡድኑ አንድም ሰው መጀመሪያ ትክክለኛውን ሳይዝ እንኳ ከክርክሩ መረዳት ሊወለድ መቻሉ ነው። ዕውሮቹ እየተደናበሩም ቢሆን ገደሉ የት እንዳለ አገኙት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን የማስተማሪያ ዘዴ በሃርቫርድ የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አስፋፍቶ ዓለም አጨብጭቦለታል። የእኛ ልጆች በር ላይ በነጻ ሲያደርጉት ግን «ወሬኞች» ይባላሉ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ልጅ ከሁሉ በላይ የሚማረው ነው፣ ከተሳሳተ ደግሞ የበለጠ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ በተርፊልድና ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ሰው እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተውን ነገር መልሱ ሲነገረው፣ እያመነታ ከተሳሳተው ይልቅ አጥብቆ ያርመዋል። «ይህቺ ካልሆነች ስሜን ቀይሩልኝ» ያለ ልጅ ከዚያች ዕለት በኋላ ያቺን ነጥብ የሚረሳት አይመስለኝም፤ ጓደኞቹም አያስረሱትም፣ ስሙን እስከ ዩኒቨርሲቲ ይቀይሩለታል። ማመሳከር የሚያጋልጠው ሌላው የተማሪ አጉል እምነት «መጀመሪያ ያልኩት ነበር ልክ፤ ላጲስ ገደለኝ» የሚለው ለቅሶ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ የላጲስ አሻራ እየፈለገ የቆጠረ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል የሄዱ ናቸው፣ ከትክክል ወደ ስሕተት የሄዱት 25 በመቶ፣ የቀሩት ከስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት። ላጲስ እንግዲህ ከገደለችው ያዳነችው እጥፍ ነው። የዳነው ግን አያለቅስም፤ ስለዚህ አይሰማም።

«ነገ ፊዚክስ አለበት፤ ዛሬ በባዮሎጂ አንጀቱን ብታቆስሉት ነገ ምን ይዞ ይገባል?» የሚለው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ አልመልሰውም። በእርግጥም ሰባት ጥያቄ እንደተበላ ያወቀ ልጅ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በዚህ ላይ በየክፍሉ የማይጠፋው ያ «ቀላል አልነበር እንዴ?» የሚል ልጅ አለ፤ እሱን የሚቀጣ ሕግ አለመኖሩ የሕግ አውጪዎቻችን ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ ዝም በሉ ተብለው ዶርም የገቡ ልጆችም አይተኙም፤ የማያውቁትን ስሕተት እያበዙ ይገላበጣሉ። ሰባት የተበላ ልጅ ሠላሳ የተበላሁ እየመሰለው ከሚያድር ሰባቱን ቢያውቃቸው ይሻለዋል። እዚህ ላይ የምቀበለው ነገር ቢኖር ጊዜውን ነው፦ የሚያለቅስ ልጅ ይተው፣ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ይቆየው፣ ከዚያ በኋላ ግን እስኪጠግብ ያመሳክር።

ማመሳከር የኩረጃ ዘመድ ነው የሚሉም አሉ። ዘመድነቱን አልክድም፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ በግንቦት 22 ተቋርጦ እንደገና እንዲሰጥ ተደርጓል። ያ ዓመት ማመሳከሩ ከፈተናው በፊት የተደረገበት ዓመት ነበር ማለት ይቻላል፤ ታዲያ ማንም ምንም አልተማረበትም። አጤሬራ የያዘ ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፣ ፊደሏን ብቻ ነው የሚፈልጋት። ከፈተና በኋላ ግን ፊደሏ ዋጋ የላትም፤ ወረቀቱ ሄዷል። ጥቅም የሌላትን ነገር ይዞ የሚከራከር ሰው ደግሞ የሚከራከረው ለማወቅ ነው፣ ወይም ለማሸነፍ። ለማሸነፍም ቢሆን ምክንያት ማምጣት ግድ ይለዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ከውጤቱ ጋር ጥያቄዎቹን፣ መልሶቹንና «ሌሎቹ ለምን አይሆኑም» የሚለውን አጭር ማብራሪያ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ቢያወጣ፣ የወደቀውም ያለፈውም ይማርበት ነበር። ጥያቄ ቶሎ ያልቅብናል የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል፤ የቆዩ ፈተናዎች ከነመልሳቸው ተጠርዘው በየመጻሕፍት መደብሩ ስለሚሸጡ ግን ምሥጢሩ ድሮ ወጥቷል። ማብራሪያው ቢወጣ ክርክሩ ይቆማል ብላችሁም እንዳትሰጉ። «የመልስ ቁልፉ ነው የተሳሳተው» የሚል ልጅ በማግሥቱ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ነው። ዛሬም ቢሆን በገበያ ላይ ካሉት የፈተና መጻሕፍት ሁለቱን ጎን ለጎን የገለጠ ሰው ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ የሁለት መጽሐፍ ዋጋ ነው፤ እሱንም በአንድ ቤት የተከራዩ አራት ተማሪዎች አዋጥተው ይገዙታል።