ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ቀይ ኮከብ

ቁጥር፦ ሲስተም ስለሌለ አልተሰጠም
ቀን፦ ጳጉሜን 4 (እርስዎ ዘንድ የማይታወቅ ወር)
ጉዳዩ፦ ግዴታን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ያለነው ደህና ነን። ለቀይ ኮከብ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስል በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቼ የ1974 ዓ.ም.ን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስበው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያኛው አይደለም፣ በድረ ገጽ ፎርም ላይ ከባዶው ሣጥን ጥግ የሚቆመው ትንሽ ምልክት ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። «እሱም ያዛል?» አሉኝ። ያዛል እንጂ! እሱ የቆመበትን ሣጥን ሳይሞላ የሚያልፍ ሰው የለም።

የተሾሙበትን ምክንያት አውቃለሁ። የግድ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ከማያስፈልገው እንዲለዩልን ነበር። ድረ ገጽ የሚያሠሩ አለቆች ግን «ይህ ጥያቄ ትርፍ ነው» ለማለት ስላልደፈሩ በየሣጥኑ ላይ አቆሙዎት። ሁሉም ነገር ግዴታ ሲሆን ሰው እውነቱን መሙላት ይተውና የሚያሳልፈውን ይሞላል።

ስምን እንውሰድ። አንድ ሣጥን ለስም፣ አንድ ሣጥን ለቤተሰብ ስም፣ በሁለቱም ላይ እርስዎ። እኛ አባት አለን፣ አያት አለን፤ የቤተሰብ ስም ግን አልወረስንም። ስለዚህ አባትና ልጅ በመዝገብዎ ባዕድ ሆነው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ካለው ቤተ መንግሥታቸው ወርደው ቢመዘገቡስ? ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ሁሉ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። በመጀመሪያው ሣጥን «አባ»፣ በሁለተኛው «ጅፋር» ይገባል። በማግሥቱ «ውድ አቶ ጅፋር፣ ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል ይደርሳል፤ ለፈረሱ።

ቀንና ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው አሥራ ሦስተኛ ወር በማያውቅ ዝርዝር ውስጥ ቢፈልግ ቢፈልግ ልደቱን አያገኘውም። ጎረቤቴ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ 8:30 የሚል ቀጠሮ ተሰጣት። ምሳዋን በልታ፣ ቡናዋን ጠጥታ በስምንት ተኩል ብትደርስ ቀጠሮዋ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ አልፏል። «በትክክል ያንብቡ» አሏት። እሷ በትክክል አንብባለች፤ ሰዓቱን የጻፈው ሰው ነው ሌላ አገር የሚኖር የመሰለው። በአንድ ሥርዓት ሁለት አቆጣጠር አይቻልም እንዳይሉኝ፤ ፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ቀንን በሁለቱም ጎን ለጎን ያትማል።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ። ድረ ገጽ የተሠራው ሰልፍ ያስቀራል ተብሎ ነበር። ሰልፉ አልቀረም፤ ቤት ነው የቀየረው። ድሮ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል። ከማናና ከጎማ ወረዳ የመጣው ባለ ቡና መታወቂያውን ያቀብላል፤ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ይጽፋል። ለፖስታ ኮድ 0000። ለትውልድ ቀን ጃንዋሪ 1፣ ዓመቱ በግምት። ለመንገድ ስምና ለቤት ቁጥር «ጅማ ጅማ»። ለኢሜይል የልጁ የራሱ ኢሜይል፣ ምክንያቱም ሰውዬው ኢሜይል ኖሮት አያውቅም፤ እርስዎ ደግሞ ያለ ኢሜይል አያሳልፉም። ፓስወርዱ በልጁ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ «ኢንቫሊድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። የትኛው ሣጥን? አይናገርም። ሲመለሱ የሞሉት ሁሉ ጠፍቷል። ልጁ አይቆጣም፤ እንጀራው ነው። እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እንደ አዲስ ያስከፍላል። በዓመቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ሺህ ተገልጋይ በኦንላይን ተስተናገደ ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ያን ሁሉ ሺህ ሕዝብ የወከሉት ጥቂት ልጆች መሆናቸውን፣ ግማሹ አገር በጃንዋሪ 1 መወለዱን አይቶ የሚገረም ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ነገሩ ወደ ቡናው ራሱም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ በስድስት አኃዝ እንዲገለጽ ይጠይቃል። የሚጀመርበት ቀን ተራዘመ እንጂ ደንቡ አልቀረም። ስልክ የቆመበትን ቦታ በራሱ ያውቃል፤ ማሳው መሃል ቆሞ አንድ ቁልፍ መጫን ሊበቃ ይችላል። አንድ ባለሙያ ግን ሁለት ባዶ ሣጥን አስቀምጦ እርስዎን ከላይ ቢያቆምዎትና ገበሬው ቁጥሩን በእጁ ሲጽፍ ሁለቱን ቢያቀያይርስ? የጅማን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያገላበጠ ሰው ራሱን አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ያገኘዋል። እንግዲህ የአናባን ቡና ማን ይገዛል?

ክፉ ብቻ እንዳላወራ፣ ዘመድዎን ላመስግን። እዚሁ አገር፣ በስልክ ቁልፍ ላይ የሚኖር አንድ ሌላ ኮከብ አለ። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቴሌብር ያልከፈተ ነጋዴ ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ፈልገው ያምጡልኝ። አገልግሎቱ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሲጀመር አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በአምስት ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አጋሮ ውስጥ በተራ ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ምስጢሩ ምን መሰለዎት? ድህነቱ ነው። እንዲህ ያለው የስልክ መልእክት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 182 የላቲን ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ወደ 80 ይወርዳል። በሰማንያ ፊደል የአያትን ስምና የፖስታ ኮድን መጠየቅ የሚያምረው የለም። ለማን? ስንት? የምስጢር ቁጥር? አለቀ። ስክሪኑ ሰፊ ሲሆን ግን የእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ የራሱን ጥያቄ ይጨምራል፤ አንዱም የሌላውን አይሰርዝም።

ሀብታም አገር ከዚህ ይተርፋል እንዳይባል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1 ቀን 2013 የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጿን ስትከፍት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻ የዘለቁት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣውን ሁሉ በቅድሚያ አካውንት ክፈት ማለታቸው በሩን ካጨናነቁት ነገሮች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለውን ችግር አስቀድሞ ለማወቅ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ተጠቃሚ አስቀምጦ ሲሞክሩ ማየት አብዛኛውን ችግር ያወጣል።

አምስት ሰው እኛ ጋ አይጠፋም። ሾሚዎችዎ ድረ ገጹን ከማስመረቃቸው በፊት ስልኩን ይዘው አወቱ መንደራ ይምጡ፤ ቡና ከኛ። አቦል እስኪወርድ አምስቱ ሰዎች ፎርሙን ይሙሉ፤ መሐንዲሱ ዝም ብሎ ይይ። «እዚህ ጋ ነው የሚጫኑት፣ እማማ» ማለት ክልክል ነው። ይኼ ለመሐንዲሱ ከባድ ነው፤ አብሮት ለመጣው ኃላፊ ደግሞ ይብሳል። ግን አንዲት እናት የት እንደቆመችና የት ላይ እንደተነፈሰች ያየ ሰው ወደ ቢሮ ሲመለስ ቢያንስ ግማሹን ሣጥን ይሰርዛል። ያኔ እርስዎም የቀሩት ሁለት ሦስት ሣጥኖች ላይ በክብር ይቆማሉ፤ እኛም እውነተኛ ልደታችንን እንነግርዎታለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ጊዜዎ አልቋል»
ለ«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ»
ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅ፦ ይህን ደብዳቤ አስገባልኝ ወንድሜ፤ ፓስወርዱ አንተ ጋ ነው ያለው